የሰንጠረዥ ወረራ

ቼዝ የሚማር ሰው የጠጠሮቹን አካሄድ ካወቀ በኋላ የሚገጥመው ጣጣ የመክፈቻ ምርጫ ነው። የስፔኑን ይያዝ ወይስ የሲሲሊውን? ሩይ ሎፔዝ የተባለው ስፔናዊ ቄስ መጽሐፉን ካሳተመበት ከ1561 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ስለ መክፈቻ የተጻፈው ብዛት ያስደነግጣል። እኔም እዚህ አዲስ ቅዳም ሆኜ ይህንኑ ስመርጥና ስጥል ነው የገዛ አያቶቻችን መክፈቻ ምን ይመስል ነበር የሚል ጥያቄ የመጣብኝ።

ሰንጠረዥ ዛሬ በቢሮ ወረቀት ላይ ያለ የቁጥር ማስፈሪያ ነው። ጥንት ግን የቤተ መንግሥት ጨዋታ ነበር። ሄንሪ ሶልት በራስ ወልደ ሥላሴ ግቢ ሲጫወቱት አይቶ እ.ኤ.አ. በ1814 ባሳተመው መጽሐፉ ጠቅሶታል፤ እቴጌ ጣይቱም ይጫወቱት ነበር። ገበታው ጥቁርና ነጭ የተዥጎረጎረ ሳይሆን መስመር የተሰመረበት ጨርቅ ነው። ጠጠሮቹም ንጉሥ፣ ፈርዝ፣ ፊል (ሳባም ይባላል)፣ ፈረስ፣ ደርና መደቅ ናቸው።

የእኛን ጨዋታ ከሌላው ዓለም የሚለየው አጀማመሩ ነው። ተራ የሚባል ነገር የለም! ሁለቱም ተጫዋቾች አንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ፣ እጃቸው የቻለውን ያህል እየፈጠኑ ጠጠሮቻቸውን ያሰልፋሉ። ይህ ወረራ ይባላል። አንዱ የሌላውን ጠጠር የበላ እንደሆነ ወረራው ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ ጨዋታው በተራ ይሆናል።

ይህን ሥርዓት የለሽነት ነው የሚል ይኖር ይሆናል። እኔ አልስማማም። ፈርዝ እንደ ዛሬዋ ንግሥት ገበታውን የምታቋርጥ አልነበረችም፤ የምትራመደው አንዲት ቤት ነው። ፊሉም በሰያፍ ወደ ሁለተኛው ቤት ከመዝለል በቀር ሌላ አያውቅም፤ ከ64ቱ ቤቶች መድረስ የሚችለው 8ቱን ብቻ ነው። መደቁም ቢሆን ከመጀመሪያው አንድ አንድ ቤት ነው የሚሄደው። እንዲህ ባለ አዝጋሚ ሠራዊት በተራ እየተጠባበቁ መሰለፍ ትዕግሥት ይጨርሳል። አል አድሊና አስ ሱሊ ለዚሁ ችግር የሰልፍ ዓይነቶችን ስም እየሰጡ በመጽሐፍ አኖሩ፤ ተማሪያቸው አንዱን መርጦ ያጠናል። የእኛዎቹ ደግሞ ተራን አነሡና ተገላገሉ።

ታዲያ በወረራ ጊዜ መክፈቻ መምረጥ ማለት ምን ነበር? በእኔ ግምት ዋናው ጥያቄ "መቼ ልብላ?" የሚለው ነው። ሰልፉ ያማረለት ተጫዋች ቶሎ በልቶ ወረራውን ሊያስቆም ይፈልጋል፤ የዘገየው ደግሞ ጠጠሮቹን ከሚበሉበት ቦታ እያራቀ ጊዜ ይገዛል። ስለዚህ አንድ ዓይን ከራስ ሰልፍ፣ አንድ ዓይን ከባላጋራው እጅ አይነቀልም። በቃል የተሸመደደ ነገር እዚህ ብዙም አይረዳም።

እንግሊዛዊው ቆንስል ፕላውደን ከሞተ በኋላ በ1868 (እ.ኤ.አ.) በታተመው መጽሐፉ፣ ሪቻርድ ፓንክረስትም በ1971 (እ.ኤ.አ.) ባወጡት ጥናት የጨዋታውን ሕግ አቆይተውልናል። በፈረስ ወይም በደር ንጉሥ መግደል እንደማያስመሰግን፣ በመደቅ መግደል ግን እንደሚያስከብር ከነዚህ እናነባለን። ሕግና ጥበብ ግን ይለያያሉ። የጥሩ ተጫዋቾች ሰልፍ ከእጅ ወደ እጅ ያለፈ ዕውቀት ስለነበር ከእጆቹ ጋር ሄደ። የጣልያን ወረራ የሰንጠረዡን ወረራ አስረሳ ቢባል ሐሰት አይሆንም፤ ከዚያ ወዲህ የሚጫወተው ጠፋ።

ባለፈው ቅዳሜ፣ ገበያው ሳይፈታ፣ ከአንድ ወዳጄ ጋር በዘመኑ ገበታ ወረራን ሞከርነው። እሱ ከመጽሐፍ ያጠናውን የለንደን ሰልፍ ሊጨርስ ጥቂት ሲቀረው በፈረሴ አንድ ወታደር በላሁበት። "ቆይ እንጂ፣ ገና መች ተሰለፍኩ!" አለ።