የሥጋ ዶሮ፦ መኖ፣ ቤትና ጤና

የሥጋ ዶሮ ለእንቁላል ሳይሆን ለሥጋ ተመርጦ የተዳቀለ፣ ከተፈለፈለ ከ5 እስከ 7 ሳምንት ባለው ጊዜ ለዕርድ የሚደርስ ዶሮ ነው። በዓለም ገበያ ጎልተው የሚታወቁት ሮስ 308 እና ኮብ 500 ሲሆኑ፣ ሁለቱም ወደ ኢትዮጵያ ገብተው በተለይ በቢሾፍቱና በአካባቢው ይረባሉ። ሲፈለፈል 40 ግራም ገደማ የሚመዝነው ጫጩት አያያዙ ከሰመረለት በ35 ቀኑ 2 ኪሎ ያልፋል፤ ለዚያ የሚበላው መኖም ከ3 ኪሎ ተኩል እምብዛም አይዘልም። የጓሮ ዶሮ የዚህን ግማሽ ክብደት ለመያዝ ወራት ይፈጅባታል።

የእርባታ መጻሕፍት መኖንና ቤትን በየምዕራፋቸው ለይተው ያስቀምጣሉ። በእርባታው ውስጥ ግን ሁለቱ ተነጣጥለው አይገኙም። ዶሮ የበላው ትርፍ ፕሮቲን ኩስ ሆኖ ጉዝጓዙ ላይ ይወርዳል፤ የረጠበ ጉዝጓዝ አየሩን ይበክላል፤ በተበከለ አየር የሚኖር ዶሮ ደግሞ የተሰጠውን መኖ ወደ ሥጋ መለወጥ ያቅተዋል።

ዝርያው ያመጣው ጫና

በካናዳ አልበርታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ1957፣ ከ1978 እና ከ2005 የመጡ ዝርያዎችን አንድ ዓይነት መኖ እየመገቡ አሳድገው ነበር። በ2014 በታተመው ውጤት መሠረት በ56ኛው ቀን የመጀመሪያዎቹ 905 ግራም፣ ሁለተኛዎቹ 1,808 ግራም፣ የመጨረሻዎቹ 4,202 ግራም መዝነዋል። ከዚያ ቀደም በሰሜን ካሮላይና በተደረገ ተመሳሳይ ሙከራ የ1957 ዝርያና የ2001ዱ ዝርያ በየዘመናቸው መኖ ተፈትነው፣ ከእድገቱ ለውጥ ከ85 እስከ 90 በመቶው ከዝርያ ማሻሻል፣ ቀሪው ከመኖ መሻሻል የመጣ መሆኑ ታይቷል።

ይህን ቁጥር ይዞ መኖን አቅልሎ ማየት ግን አያዋጣም። በሙከራው የተሰጡት መኖዎች ሁለቱም በወጉ የተመጣጠኑ ነበሩ። ፈጣኑ ዝርያ የጎደለ መኖ ሲቀርብለት ከዘገምተኛው ይልቅ ቶሎ ይጎዳል፤ ደረቱ በሚያብጥበት ፍጥነት ልቡ፣ ሳንባውና የእግሩ አጥንት አይከተሉትምና።

መኖው

የሥጋ ዶሮ መኖ በዕድሜ ይከፋፈላል። የመጀመሪያዎቹ 10 ቀናት መኖ ከመቶ 22 ወይም 23 እጅ ፕሮቲን ይይዛል፤ በማደለቢያው ወቅት ፕሮቲኑ ወደ 18 ወይም 19 ይወርድና የኃይል መጠኑ ከፍ ይላል። በኢትዮጵያ የኃይሉ ምንጭ በዋናነት በቆሎ ሲሆን፣ ፕሮቲኑ ከአኩሪ አተርና ከኑግ ፋጉሎ ይገኛል። የስንዴ ፉርሽካ ለእንቁላል ጣይ ዶሮ ቢስማማም፣ አሰሩ ስለሚበዛ ለሥጋ ዶሮ ከጥቂቱ በላይ አይመከርም።

ኑግ ላይ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል። ፋጉሎው በቅርብ የሚገኝ፣ ፕሮቲኑም ከመቶ 30 የማያንስ በመሆኑ አርቢው ወደ እሱ ቢያዘነብል አይፈረድበትም። ችግሩ ላይሲን የተባለው አሚኖ አሲድ የሚያንሰው መሆኑ ነው። የደረት ሥጋ የሚገነባው በላይሲን ስለሆነ፣ ሌላው ፕሮቲን ምንም ያህል ቢበዛ ላይሲኑ ባለቀበት ቦታ ግንባታው ይቆማል፤ የተረፈው ፕሮቲን ተፈራርሶ ዩሪክ አሲድ ይሆንና በኩስ ይወጣል። አርቢው የገዛውን ፕሮቲን ጉዝጓዝ ላይ በተነው ማለት ነው። አኩሪ አተር በተቃራኒው ላይሲን ሞልቶት ሜቲዮኒን ይጎድለዋል። ሁለቱን አደባልቆ የጎደለውን በተመረተ አሚኖ አሲድ መሙላት የተሻለው መንገድ ነው። ጥሬ አኩሪ አተር ፈጭቶ መስጠት ደግሞ ራሱን የቻለ ጥፋት ነው፤ የፕሮቲን መፈጨትን የሚያግደው በውስጡ ያለ ንጥረ ነገር በሙቀት ካልከሸፈ የዶሮው ቆሽት ያብጣል፣ እድገቱም ይገታል።

በማዕድን በኩል ካልሲየምና ፎስፈረስ፣ ከቫይታሚን ደግሞ ዲ3 ሲጓደሉ የጫጩት አጥንት ይለሰልሳል፣ እግሩ ይቆለመማል። በእህል ውስጥ ያለው ፎስፈረስ አብዛኛው ዶሮ ሊፈጨው በማይችል መልክ የታሰረ ስለሆነ፣ ፋይቴዝ የተባለ ኢንዛይም መጨመር የተለመደ ሆኗል። ጨው ሲበዛ ዶሮው ብዙ ይጠጣል፣ ኩሱ ይቀጥናል።

ከሁሉ የከፋው ጠላት ሻጋታ ነው። በ1960 በእንግሊዝ ከ100,000 በላይ ቱርክ ዶሮዎች ምክንያቱ ባልታወቀ በሽታ አልቀው ነበር። ሲመረመር መነሻው ከብራዚል የመጣ የሻገተ የለውዝ ፋጉሎ ሆኖ ተገኘ፤ አፍላቶክሲን የተባለው መርዝም የታወቀው ያኔ ነው። በአዲስ አበባ ዙሪያ በወተት ላሞች መኖ ላይ በተደረገ ምርመራም ዋነኛው የአፍላቶክሲን ምንጭ የኑግ ፋጉሎ ሆኖ ተገኝቷል። የሥጋ ዶሮ መርዙን ከቱርክ ዶሮና ከዳክዬ የተሻለ ቢቋቋምም ጉበቱ ይጎዳል፣ የመከላከል አቅሙም ይዳከማል። ክትባት ተከትቦ ሳለ በፈንግል ወይም በጉምቦሮ የሚያልቅ መንጋ ሲያጋጥም ጣት መጀመሪያ የሚቀሰረው ክትባቱ ላይ ነው፤ የመኖ መጋዘኑን ማየት ግን ይገባል። በቆሎ ከ13 በመቶ ያልበለጠ እርጥበት ይዞ፣ ከመሬት ከፍ ብሎና ከግድግዳ ርቆ መቀመጥ አለበት።

ቤቱ

አዲስ የተፈለፈለ ጫጩት የሰውነቱን ሙቀት ገና መቆጣጠር አይችልም። በመጀመሪያው ቀን ከ32 እስከ 34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈልጋል፤ በየሳምንቱ 2 ወይም 3 ዲግሪ እየተቀነሰ በአምስተኛው ሳምንት ወደ 20 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። ከቴርሞሜትር ይልቅ የጫጩቶቹ አቀማመጥ ይናገራል፦ ማሞቂያው ሥር ከተደራረቡ በርዷቸዋል፣ ወደ ዳር ከሸሹ ሞቋቸዋል፣ በአንድ ጎን ከተሰበሰቡ ነፋስ ይገባል።

ጉዝጓዙ ሰጋቱራ ወይም የተከተፈ ገለባ ሊሆን ይችላል። ተግባሩ እርጥበት መጥጦ መልሶ ማትነን ነው። ሲጨበጥ የሚጣበቅ ከሆነ ረጥቧል። በእርጥብ ጉዝጓዝ ላይ ባክቴሪያዎች ዩሪክ አሲዱን ወደ አሞኒያ ይለውጡታል። የአውሮፓ ኅብረት በ2007 ያወጣው መመሪያ በተጨናነቀ ቤት የሚያረቡ ሁሉ አሞኒያውን ከሚሊዮን 20 እጅ እንዳያሳልፉ ያዛል። ጋዙ ዓይንን ያቆስላል፣ በአየር ቧንቧ ውስጥ ያሉትን ቆሻሻ ጠራጊ ጥቃቅን ፀጉሮች ይገድላል፤ ከዚያ በኋላ ኢ. ኮላይ ወደ ሳንባ ለመውረድ የሚያግደው አይኖርም። የእግር መዳፍ መቁሰልም የሚመጣው ከዚሁ እርጥበት ነው። ደም የቀላቀለ ኩስ የሚያስወጣው ኮክሲዲዮሲስም እንዲሁ እርጥበትን ይወዳል፤ ከኩስ ጋር የወጣው ተውሳክ ሞቃትና እርጥብ ጉዝጓዝ ካገኘ በአንድና ሁለት ቀን ውስጥ ሌላ ዶሮ ለመያዝ ይበቃል። መድኃኒቱን ከመኖ ጋር እየሰጡ የሚያፈስ መጠጫን አለመጠገን ድካም ብቻ ነው።

በደጋ የሚያረባ ሰው ከባድ ምርጫ ይገጥመዋል። በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ ቤቱን ቢዘጋ አሞኒያው ይታመቃል፤ ቢከፍት ጫጩቱ ይበርደዋል። መብራት ሲጠፋ ከሰል ማንደድ ቢረዳም፣ በተዘጋ ቤት የሚታመቀው ካርቦን ሞኖክሳይድ ደሙ ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርገዋል። ቢሾፍቱ ከባሕር ወለል 1,900 ሜትር ገደማ፣ አዲስ አበባ ከ2,300 በላይ፣ ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። በዚህ ከፍታ ኦክስጅን ስለሚሳሳ፣ ብርዱ ደግሞ የኦክስጅን ፍላጎትን ስለሚጨምር፣ ፈጥኖ የሚያድገው ዶሮ ልብ ደምን ወደ ሳንባ ለመግፋት ከአቅሙ በላይ ይሠራል። የቀኝ ልቡ ይለጠጣል፣ ከጉበቱ የሚያፈተልከው ፈሳሽ ሆዱን ይሞላዋል። ይህ የሆድ ውኃ በሽታ ከዓመታት በፊት በቦሊቪያ፣ በፔሩና በሜክሲኮ ደጋማ ቦታዎች የታወቀ ነው።

ለዚህ በሽታ ከተገኙት መከላከያዎች ውጤታማው በመኖ በኩል የሚሰጠው ነው። በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት የመመገቢያ ሰዓት መቀነስ ወይም በጥቅጥቅ እንክብል ፈንታ ዱቄት መኖ መስጠት እድገቱን ለጊዜው ያዘገየዋል፤ ልብና ሳንባ እስኪደርሱ ፋታ ያገኛሉ። ዶሮው የዘገየበትን አብዛኛውን በኋላ ያካክሳል።

በድሬዳዋና በአዋሽ ሸለቆ ጣጣው ተቃራኒ ነው። ዶሮ የላብ ዕጢ ስለሌለው የሚቀዘቅዘው በማለክለክ ነው፤ ሲያለከልክ ደግሞ መብላት ይተዋል። መኖ መፍጨት በራሱ ሙቀት ስለሚያመነጭ በቀትር ከመመገብ ማለዳና ምሽት መመገብ ይሻላል። ቤቱ ርዝመቱ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ሆኖ ሲሠራ ፀሐይ በጎን አትገባም። ቀዝቃዛ ውኃ ከሌለ ግን ይህ ሁሉ ብዙ አይረዳም፤ በመደበኛ ሙቀት እንኳ ዶሮ ከበላው መኖ ክብደት እጥፍ የሚጠጋ ውኃ ይጠጣል።

ገበያና የመጨረሻዎቹ ቀናት

በኢትዮጵያ የሥጋ ፍላጎት በጾም ይወርዳል፣ ለፋሲካ፣ ለገናና ለእንቁጣጣሽ ይንራል። የጓሮ ዶሮ በዓልን መጠበቅ ይችላል፤ የሥጋ ዶሮ አይችልም። ከስድስተኛው ሳምንት በኋላ እያንዳንዱ ተጨማሪ ኪሎ የሚፈጀው መኖ ይጨምራል። በአንድ ካሬ ሜትር 12 ዶሮ የያዘ ቤት በ2 ኪሎ ክብደት 24 ኪሎ ይሸከማል፤ ዶሮዎቹ 3 ኪሎ ሲሞሉ ግን 36 ኪሎ ይሆናል፤ ከላይ የተጠቀሰው መመሪያ መነሻ ገደብ ደግሞ 33 ኪሎ ነው። ገበያ ጥበቃው ጉዝጓዙን ያረጥባል፣ እግር ያሰብራል፣ ልብ ያቆማል። ስለዚህ ጫጩት የሚታዘዝበት ቀን ከበዓሉ ወደ ኋላ ተቆጥሮ ይወሰናል።

ከዕርድ በፊት አንጀቱ ባዶ እንዲሆን ለ8 ሰዓት ያህል መኖ ይነሣል፤ ውኃ እስከ መጫኛው ጊዜ አይከለከልም። ከ12 ሰዓት በላይ ከተጾመ አንጀቱ ይሳሳና በዕርድ ጊዜ ተቀዶ ሥጋውን ይበክላል። ዶሮዎቹ ከወጡ በኋላ ጉዝጓዙ ተጠርጎ ይጣላል፣ ቤቱ ታጥቦና ፀረ ተውሳክ ተረጭቶ ቀጣዮቹ ጫጩቶች እስኪገቡ ሁለት ሳምንት ያህል ባዶውን ይቆያል።