የዊንዶውስ ሬጅስትሪ እና የጥንቃቄው ታሪክ

ሬጅስትሪ የዊንዶውስ ኮምፒውተር አብዛኛዎቹን የአሠራር ምርጫዎቹን የሚያኖርበት መዝገብ ነው። የትኛው ፕሮግራም የትኛውን ፋይል እንደሚከፍት፣ የትኛው መሣሪያ በየትኛው ድራይቨር እንደሚሠራ፣ ተጠቃሚው የመረጠው የኪቦርድ ቋንቋ ሳይቀር እዚያ ሰፍሮ ይገኛል። በዚህ መዝገብ ላይ የምትፈጸም አንዲት ስህተት ኮምፒውተሩ ጨርሶ እንዳይነሳ ልታደርግ ትችላለች። ስለዚህ መዝገቡ እያደገ ሲሄድ ከጉዳት የሚጠብቁት ዘዴዎችም አብረው ማደግ ነበረባቸው፤ ብዙ ጊዜ ግን ዘግይተው ደረሱ።

ሬጅስትሪ ከመምጣቱ በፊት የዊንዶውስ ምርጫዎች አይኤንአይ በሚባሉ ተራ የጽሑፍ ፋይሎች ውስጥ ይቀመጡ ነበር። ከእነሱም ዋናዎቹ ዊን.አይኤንአይ እና ሲስተም.አይኤንአይ ነበሩ። አዲስ ፕሮግራም በተጫነ ቁጥር የራሱን መስመሮች ይጨምርባቸዋል፤ ፕሮግራሙ ሲወገድ መስመሮቹ እዚያው ይቀራሉ። የአንዱ ፋይል መጠን ከ64 ኪሎባይት እንዳያልፍ መገደቡ ደግሞ ሌላ ችግር ነበር። ያም ሆኖ አንድ ትልቅ በጎ ጎን ነበራቸው፦ የተበላሸች መስመር ብትኖር በማንኛውም የጽሑፍ ማረሚያ ተከፍታ ትስተካከላለች።

እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው ዊንዶውስ 3.1 የመጀመሪያውን ሬጅስትሪ ይዞ መጣ። ሬግ.ዳት የምትባል አንዲት ፋይል ስትሆን፣ ሥራዋም በዋናነት የፋይል ዓይነቶችን ከሚከፍቷቸው ፕሮግራሞች ጋር ማያያዝ ነበር። በ1993 ለመሥሪያ ቤቶች የተዘጋጀው ዊንዶውስ ኤንቲ 3.1 ሐሳቡን አሰፋው። አብዛኛዎቹ የሲስተሙ ምርጫዎች ወደ መዝገቡ ገቡ፤ ቁልፍ ለሚባለው ለእያንዳንዱ ክፍልም ማን ሊያነበው፣ ማን ሊጽፍበት እንደሚችል የሚወስን ፈቃድ ተበጀለት። በመጻፍ ላይ እያለ መብራት ቢጠፋ መዝገቡ እንዳይፈርስ ለውጦችን አስቀድሞ የሚይዝ ፋይልም ነበረው።

ሬጅስትሪን ወደ ተራው ሰው ቤት ያስገባው የ1995ቱ ዊንዶውስ 95 ነው። መዝገቡ ሲስተም.ዳት እና ዩዘር.ዳት በተባሉ ሁለት ፋይሎች ተከፈለ፤ የኤንቲ የፈቃድ ቁጥጥር ግን አብሮ አልመጣም። ኮምፒውተሩ በትክክል በተነሳ ቁጥር የሁለቱ ፋይሎች ቅጂ ይወሰዳል። ዘዴው መልካም ቢመስልም ቅጂው አንድ ብቻ ነበር። መዝገቡ በከፊል ተበላሽቶም ኮምፒውተሩ ከተነሳ፣ የተበላሸው በደህናው ቅጂ ላይ ይጻፍበታል። ዊንዶውስ 98 ይህን ጉድለት ሞላ። ስካንሬግ የተባለው ፕሮግራም በቀን አንድ ጊዜ መዝገቡን እየፈተሸ አምስት ቅጂዎችን ያስቀምጣል፤ ዊንዶውስ እንቢ ቢልም ከዶስ ተነስቶ ከአምስቱ አንዱን መመለስ ይቻል ነበር። ለቤት ተጠቃሚ ከተሠሩት ዘዴዎች ሁሉ ይህን ያህል ግልጽና አስተማማኝ የሆነ ጥቂት ነው።

መዝገቡን ለማረም የሚያገለግለው መሣሪያ የሬጅኤዲት ጠባይም ለአደጋው የራሱ ድርሻ አለው። የተለወጠው ነገር ወዲያውኑ ይጻፋል፤ «አስቀምጥ» ተብሎ አይጠየቅም፣ «መልስ» የሚል ትእዛዝም የለውም። በኤንቲ ላይ የነበረው ሬጅኤድት32 ሳይነኩ ለማንበብ ብቻ የሚያስችል ምርጫ ነበረው። ሁለቱ መሣሪያዎች በ2001 በዊንዶውስ ኤክስፒ ሲዋሃዱ ይህ ምርጫ ቀረ፤ መቅረቱም የሚያሳዝን ነው። የተረፈው ዋስትና አንድን ቁልፍ ከመንካት በፊት ወደ ሬግ ፋይል ገልብጦ ማስቀመጥ ነው። ይህ ቅጂ ግን ወሰን አለው። ተመልሶ ሲጫን የተሰረዘውን ይመልሳል፣ የተለወጠውን ያርማል፤ ከቅጂው በኋላ የተጨመረውን ግን አያጠፋም። ለዚህ ነው ከቁልፉ ቅጂ በተጨማሪ መላውን ሲስተም ወደ ኋላ የሚመልስ የሪስቶር ነጥብ የሚያስፈልገው። ነጥቡን የሚፈጥረው ሲስተም ሪስቶር ለቤት ተጠቃሚዎች የቀረበው በ2000 ከዊንዶውስ ኤምኢ ጋር ነው።

በኤክስፒ ዘመን አብዛኛው የቤት ተጠቃሚ በአስተዳዳሪ ሥልጣን ይሠራ ስለነበር የመዝገቡ ፈቃዶች ቢኖሩም እምብዛም አይከላከሉም ነበር። በ2007 ለገበያ የዋለው ቪስታ ግን ሲስተሙን የሚነካ ለውጥ ከመፈጸሙ በፊት ተጠቃሚውን ማስፈቀድ ጀመረ። በመዝገቡ የጋራ ክፍል ላይ ያለፈቃድ ሊጽፉ የሚሞክሩ የቆዩ ፕሮግራሞችንም ጽሑፋቸውን ወደ ተጠቃሚው የግል ክፍል ያዞርባቸዋል።

ሬጅስትሪን «እናጸዳለን» የሚሉ ፕሮግራሞች በነዚህ ዓመታት ተበራክተው ነበር። ማይክሮሶፍት ራሱ ሬግክሊን የተባለ መሣሪያ አቅርቦ በኋላ አንስቶታል፤ ዛሬም እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞችን መጠቀምን አይደግፍም። ጥቂት የማያገለግሉ ቁልፎችን መሰረዝ ለፍጥነት የሚጨምረው ነገር ከቁጥር አይገባም፤ የሚያስከትለው አደጋ ግን እውነተኛ ነው።

የቅርብ ጊዜው ለውጥ የመጣው በ2018 ነው። ከዊንዶውስ 10 እትም 1803 ጀምሮ ሲስተሙ ሬግባክ ወደተባለው ፎልደር የመዝገቡን ቅጂ በራሱ ጊዜ ማስቀመጥ አቆመ፤ ምክንያቱም የዲስክ ቦታ ለመቆጠብ ነበር። አሠራሩን መልሶ የሚያስጀምረው ቅንብር የሚገኘው እዚያው ሬጅስትሪ ውስጥ ነው። ያን ላላደረገ ሰው፣ ከማረም በፊት ቁልፉን ገልብጦ ማስቀመጥና የሪስቶር ነጥብ መፍጠር የራሱ የተጠቃሚው ሥራ ሆኗል።