ላስታ የገባው ባቡር

ላስታ ሐዲድ አልደረሰውም። የጅቡቲው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገብቶ እዚያው ቆመ። ሆኖም በሰሜኑ ገጠር አንዲት እናት «እህሉን ባቡር ቤት ልኬዋለሁ» ብትል አይድነቃችሁ፤ ባቡር የምትለው የናፍጣ ወፍጮውን ነው። ቃሉ የአውሮፓውያን የእንፋሎት ስም ሆኖ፣ በቱርክና በዓረብ አፍ ዞሮ እኛ ዘንድ ደርሷል። እኛም የሚጮኸውንና የሚያጨሰውን ሞተር ጠራንበት።

የዚህ ሞተር የትውልድ ታሪክ ከወተት ጋር የተያያዘ ነው። በእንግሊዝ ሀገር ደርስሊ ላይ በ1867 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ሊስተር የተባለው ፋብሪካ፣ ቅባቱን ከወተቱ የሚለይ መኪናም ይሸጥ ነበር። በ1930ዎቹ የታወቀው ባለ 5 የፈረስ ጉልበት የናፍጣ ሞተሩ በደቂቃ 600 ጊዜ ብቻ እየዞረ በየወተት እርባታው የላም ማለቢያውን አንቀሳቀሰ፤ ውሃ ሳበ፤ መብራት ሰጠ።

በእኛ ሀገር ዘመናዊ የወተት እርባታ የተጀመረው በ1947 እ.ኤ.አ. 300 የፍሪዥያንና የብራውን ስዊስ ከብቶች በዓለም አቀፍ እርዳታ ሲመጡ ነው፤ እሱም በአዲስ አበባ ዙሪያ። ለላስታ ባላገር ግን ከጥጃው የተረፈችውን ወተት ለመናጥ ቅል ይበቃው ነበር። ወገብ የሚቆርጠው ሥራ እህል መፍጨት ነው። ስለዚህ ሊስተርና መሰሎቹ እኛ ዘንድ ሲመጡ ወፍጮ ላይ ተጠመዱ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ባለሙያው ማኑቬላውን ያዞራል፤ ከባዱ መዘውር ፍጥነት ሲያገኝ ሞተሩ ይነሣል፤ ቺንጋው ወፍጮውን ይነዳል፤ በርሜል ውሃ ያበርደዋል። ዝግታውና ክብደቱ ዕድሜ ሰጡት።

ላሊበላ ሲነሣ ድንጋይ የፈለፈሉትን እናወድሳለን፤ ይገባቸዋልም። እኔ ግን በድንጋይ ላይ የጎበጡትንም አስባለሁ፦ ዶሮ ሳይጮህ ተነሥተው መጅ ሲገፉ የኖሩትን ሴቶች። ለእነርሱ ከነገሥታቱ ዜና ይልቅ የሞተር መምጣት ትልቅ ታሪክ ነው፤ የጻፈላቸው ግን ጥቂት ነው።

ነገሩ ያለፈበት እንዳይመስለን። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጦርነቱ ላሊበላ ደርሶ መብራት ለወራት ተቋርጧል። መብራት በሌለበት ደግሞ ዱቄት የሚገኘው ወይ በናፍጣ ወይ በሴት ክንድ ነው።

እነዚህ ሞተሮች በቁራሊው ሚዛን ላይ ተራ ብረት ከመሆናቸው በፊት፣ መቼ እንደገቡና የማንን ሸክም እንዳቀለሉ ባልቴቶቹን ጠይቀን እንጻፍ እላለሁ።