መርካቶና የኢኮኖሚ ቀውስ፡- ከ1966ቱ የነዳጅ ጭማሪ እስከ 2017ቱ የደረሰኝ ቁጥጥር

በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ የሚገኘው መርካቶ አስመጪው፣ ጅምላ ሻጩና ቸርቻሪው የሚገናኙበት የሀገሪቱ ትልቁ ገበያ በመሆኑ፣ በዓለም ገበያ የሚከሰት ቀውስ ወደ ኢትዮጵያ ሲገባ በቅድሚያ ከሚታይባቸው ስፍራዎች አንዱ ነው፡፡ ገበያው የአሁኑን ቦታ የያዘው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም በዘለቀው የፋሽስት ጣሊያን ወረራ ወቅት ሲሆን፣ ወራሪው ኃይል በአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ ይካሄድ የነበረውን ግብይት ወደ ምዕራብ በማዛወሩ የተመሰረተ ነው፡፡

በመርካቶ ዋጋ እንዴት እንደሚወጣ ሳይታወቅ ቀውስ በገበያው ላይ የሚያሳድረውን ተጽዕኖ መረዳት ያስቸግራል፡፡ አብዛኛው ግብይት በዱቤና በመተማመን ላይ የተመሰረተ ነው፡፡ ቸርቻሪው ዕቃውን ከጅምላ ሻጩ ወስዶ ከሸጠ በኋላ ይከፍላል፤ ጅምላ ሻጩም ከአስመጪው ጋር ተመሳሳይ ግንኙነት አለው፡፡ በእህል በረንዳ ከክፍላተ ሀገር የሚመጣውን እህል ከገዥ ጋር የሚያገናኙት ደላሎች ናቸው፡፡ በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ያለ ነጋዴ ዋጋ የሚተምነው በእጁ ያለውን ዕቃ በገዛበት ሂሳብ ሳይሆን ዕቃውን ሸጦ ሌላ ለመተካት በሚያስፈልገው ገንዘብ ነው፡፡ በመሆኑም የምንዛሪ ወይም የነዳጅ ለውጥ ሲሰማ አዲስ ዕቃ ከመግባቱ በፊት በመደርደሪያ ላይ ያለው ዋጋ ይንራል፡፡ ይህን ሁኔታ ሸማቹ እንደ ስግብግብነት፣ ተቆጣጣሪውም እንደ ክምችት ወንጀል ሊያየው ይችላል፡፡ አንዳንዴ በእርግጥም ክምችት ነው፡፡ ሁለቱን ለይቶ ማየት ግን ከመጋዘን በር ላይ ሆኖ የሚቻል አይደለም፡፡

በዓለም አቀፍ ቀውስ ምክንያት የመጣ የዋጋ ለውጥ በኢትዮጵያ የመንግስት ለውጥ ካስከተሉ ሁኔታዎች አንዱ የሆነበት ዓመት 1966 ነው፡፡ በዚያ ዓመት መግቢያ በመካከለኛው ምስራቅ በተቀሰቀሰው ጦርነት ሳቢያ የነዳጅ ዋጋ በወራት ውስጥ ወደ አራት እጥፍ ገደማ አሻቀበ፡፡ የንጉሠ ነገሥቱ መንግስት የቤንዚን ዋጋ ሲጨምር የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች የካቲት 11 ቀን 1966 ሥራ አቆሙ፤ የትምህርት ዘርፍ ጥናቱን የተቃወሙ መምህራንም በተመሳሳይ ጊዜ አድማ መቱ፡፡ መንግስት በቀናት ውስጥ የነዳጁን ዋጋ ዝቅ ቢያደርግም የወሎው ረሃብና የሠራዊቱ አቤቱታ ተደምረውበት ነገሩ ሊበርድ አልቻለም፡፡ የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተወልድ ካቢኔ የካቲት ሳይወጣ ሥራውን ለቀቀ፡፡ ንጉሠ ነገሥቱም መስከረም 2 ቀን 1967 ከሥልጣን ወረዱ፡፡

ተመሳሳይ ክስተት በኢንዶኔዥያ እ.ኤ.አ በ1998 ታይቷል፡፡ የእስያ የገንዘብ ቀውስ ሩፒያን ባዳከመበት ወቅት መንግስት በግንቦት ወር መጀመሪያ የነዳጅ ዋጋን በ70 በመቶ ገደማ አሳደገ፡፡ በጃካርታ በተነሳው ሁከት ግሎዶክ የተባለው የንግድ ሰፈር ተቃጠለ፤ ከአንድ ሺህ በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ፕሬዝዳንት ሱሃርቶም ወሩ ሳያልቅ ሥልጣን ለቀቁ፡፡ ቁጣው ያረፈው የነዳጁን ዋጋ በወሰነው መንግስት ላይ ብቻ አልነበረም፤ የቻይና ዝርያ ያላቸው ባለሱቆችም ዋነኛ ሰለባ ሆነዋል፡፡

ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ ዋጋን በአስተዳደር ውሳኔ የመቆጣጠር ፖሊሲ ተከተለ፡፡ እህል በእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በኩል በተወሰነ ዋጋ ይሰበሰብ፣ ስኳርና የመሳሰሉትም በቀበሌ ሱቆች በራሽን ይታደሉ ጀመር፡፡ አሰራሩ በየካቲት 1982 ቅይጥ ኢኮኖሚ እስከታወጀበት ጊዜ ድረስ ዘልቋል፡፡

በ2000 ዓ.ም የዓለም የምግብ ዋጋ በናረበት ወቅት ኢትዮጵያ ከፍተኛ ጫና ካረፈባቸው ሀገሮች አንዷ ነበረች፡፡ በዚያው ክረምት ዓመታዊው የዋጋ ንረት ከ60 በመቶ በላይ ደርሷል፡፡ መንግስት በምግብ እህልና ዱቄት ላይ የነበረውን ታክስ በማንሳት፣ የእህል ወደ ውጭ መላክን በማገድና ስንዴ ከውጭ ገዝቶ ለከተማ ነዋሪዎች በድጎማ በማከፋፈል ችግሩን ለማቃለል ጥረት አድርጓል፡፡ በዚያው ዓመት በሄይቲ የምግብ ዋጋ ተቃውሞ የጠቅላይ ሚኒስትሩን መንግስት አፍርሷል፡፡

ከዚያ ይልቅ ለአስፈጻሚ አካላት ብዙ ትምህርት የያዘው የ2003 ዓ.ም ተሞክሮ ነው፡፡ በነሐሴ 2002 የአንድ ዶላር ምንዛሪ ከ13 ብር ከ63 ሳንቲም ገደማ ወደ 16 ብር ከ35 ሳንቲም ከፍ እንዲል ተደረገ፡፡ የገቢ ዕቃዎች ዋጋ በመጨመሩም የንግድ ሚኒስቴር በታህሳስ 2003 መጨረሻ በዳቦ፣ በስኳር፣ በምግብ ዘይት፣ በሩዝ፣ በሥጋ፣ በቢራና በሌሎች ሸቀጦች ላይ ጣሪያ ዋጋ አወጣ፡፡ ሕጋዊ መሠረቱ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ የወጣው የንግድ አሠራርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 685/2002 ነበር፡፡

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ለሸማቹ እፎይታ ነበሩ፡፡ ብዙም ሳይቆይ ግን ዘይትና ስኳር ከመደርደሪያ ጠፉ፤ ሰልፍ በረዘመበት ሁኔታም ዕቃው በተመኑ ዋጋ በወረቀት ላይ፣ ከተመኑ በላይ ደግሞ በጓሮ ይገኝ ነበር፡፡ ጣሪያው ዕቃውን መልሶ መተካት ከሚጠይቀው ወጪ በታች በሆነበት ሁሉ ነጋዴው ትዕዛዙን ያቆማል፡፡ መንግስት ከአምስት ወር ገደማ በኋላ ተመኑን ከአብዛኞቹ ሸቀጦች ላይ አነሳ፡፡ በዓመቱ ክረምት የዋጋ ንረቱ 40 በመቶ ገደማ ደርሶ ነበር፡፡

የዋጋ ተመኑ በወጣ በሳምንቱ ገደማ የቱኒዝያው ፕሬዝዳንት ዚን ኤል አቢዲን ቤን አሊ ሀገራቸውን ጥለው መሸሻቸው ይታወሳል፡፡ በዚያች ሀገር አመጹን የቀሰቀሰው መሐመድ ቡአዚዚ የተባለ አትክልትና ፍራፍሬ አዟሪ ወጣት የማዘጋጃ ቤት ሠራተኞች ዕቃውን ስለወሰዱበት አቤት ለማለት ሄዶ ሰሚ በማጣቱ ራሱን ማቃጠሉ ነው፡፡ ሥራ አጥነትና የኑሮ ውድነት ለዓመታት የተከማቹ ቢሆኑም እሳቱ የተነሳው በአንድ ወረዳ ደረጃ ባለ ሠራተኛና በአንድ አዟሪ መካከል በተፈጠረ ጉዳይ ነበር፡፡

በሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ 57 ብር ከ50 ሳንቲም ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፡፡ ያለአግባብ ዋጋ ጨምረዋል የተባሉ በርካታ ሱቆች ታሸጉ፡፡ ለመንግስት ሠራተኛው ዝቅተኛው ደመወዝ ከ1 ሺህ 500 ብር ወደ 4 ሺህ 760 ብር እንዲያድግ የተወሰነውም ከዚህ ማሻሻያ ጋር ተያይዞ ነው፡፡ ሠራተኛው በአንድ በኩል የንረቱ ተጎጂ፣ በሌላ በኩል የቁጥጥሩ ፈጻሚ ሆኖ ወደ መርካቶ የሚሄድ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል፡፡

በህዳር 2017 በመርካቶ የደረሰኝ ቁጥጥር ሲጠናከር ደረሰኝ የሌለው ዕቃ ይወረሳል የሚል ወሬ ተናፈሰ፤ በርካታ ሱቆችም ተዘጉ፡፡ የከተማው አስተዳደር የገቢዎች ቢሮ ወሬው ሐሰት መሆኑን ገልጿል፡፡ የቸርቻሪዎቹ ቅሬታ ግን ሌላም ነጥብ ነበረው፤ ደረሰኝ ቁረጡ የሚባሉት እነርሱ ራሳቸው ዕቃውን ከአስመጪና ከጅምላ ሻጭ ያለ ደረሰኝ እንደሚረከቡ፣ ሲጠይቁም ዕቃ እንደሚከለከሉ ይናገሩ ነበር፡፡ ቁጥጥሩ የተጀመረው ከሰንሰለቱ ጫፍ፣ ማለትም በመንገድ ዳር ከሚታየው ሱቅ ሲሆን፣ ደረሰኙ መቆረጥ የነበረበት ዕቃው ከአስመጪው መጋዘን ሲወጣ ነበር፡፡