«ፎርማት ይደረግ!»

ነቀምቴም ሆነ ጊምቢ፣ ሻምቡም ሆነ ደምቢ ዶሎ፣ ኮምፒውተር ቤት ገብቶ ይህን ፍርድ ያልሰማ አለ? ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነ፣ ማሽኑ ጠፍቶ በራ… «ቫይረስ ነው፤ ፎርማት ይደረግ!» ነቀምቴ ያለች ጓደኛዬ የመመረቂያ ጽሑፏን ያጣችው በዚህ ፍርድ ነው። ዊንዶውሱ እንደ አዲስ ተጫነ፤ በሦስተኛው ቀን ሰማያዊው ስክሪን ተመለሰ። ለካስ የፕሮሰሰሩ ማራገቢያ በአቧራ ታፍኖ ቆሟል!

ታሪክ ያወቀ እንዲህ አይቸኩልም። እ.ኤ.አ. በ1994 ቨርጂኒያ ውስጥ የሒሳብ ፕሮፌሰሩ ቶማስ ናይስሊ የሚያሰሉት ቁጥር አልገጥም አላቸው። ፎርማት አላደረጉም! ፕሮግራሙን፣ ኮምፓይለሩን፣ ማዘርቦርዱን አንድ በአንድ ከጥርጣሬ አወጡ። ያው ስሌት በ486 ማሽን ልክ ይመጣል፣ በፔንቲየም ይሳሳታል። የቀረው ተጠርጣሪ ፕሮሰሰሩ ብቻ ሆነ። ጉዳዩ ኢንቴልን 475 ሚሊዮን ዶላር አስወጣው።

ያ እንኳን የስሌት ስሕተት ነበር፤ ከርነሉን፣ ማለትም የኦፐሬቲንግ ሲስተሙን እምብርት፣ አልጣለም። የባሰው በኖቬምበር 1997 መጣ። አንዲት የተበላሸች ትእዛዝ፣ ማንም ተራ ተጠቃሚ ቢያስኬዳት፣ ፔንቲየሙን ድርቅ ታደርገዋለች። ከርነሉ የኑዛዜ ቃል እንኳን ሳይጽፍ ይሞታል። ዊንዶውስም ሊኑክስም እኩል ይወድቃሉ። ሁለት የማይተዋወቁ ከርነሎች በአንዲት ትእዛዝ ከወደቁ ደግሞ ጥፋቱ ያለው ከሥራቸው፣ ከቺፑ ነው። ቺፑን ከየቤቱ ነቅሎ ማውጣት ስለማይቻል የሊኑክስ ሰዎች መከላከያውን እዚያው ከርነሉ ውስጥ አበጁለት። ዕዳው የፕሮሰሰሩ፣ ከፋዩ ከርነሉ!

ለእኛ ምን ይጠቅመናል? ብዙ። ፕሮሰሰር ሲታመም አንዳንዴ ራሱ ይናገራል። ሰማያዊው ስክሪን ላይ «ማሽን ቼክ ኤክሴፕሽን» የሚል ከመጣ ጥቆማው ወደ ሃርድዌር ነው፦ ፕሮሰሰር፣ ሜሞሪ፣ ሙቀት፣ ወይም የመብራት ነገር። ስለዚህ መጀመሪያ ጽሑፉን ገልብጡ። ፋይላችሁን ሌላ ቦታ አስቀምጡ። ክዳኑን ከፍታችሁ ማራገቢያውን እዩ። ሜሞሪውን በሜምቴስት ፈትሹ። ከዚያ ሊኑክስ ከፍላሽ አስነሱ፤ እዚያም ከወደቀ ዊንዶውስን ለቀቅ አድርጉት፤ ሃርድዌሩን ጠርጥሩ።

ጓደኛዬ ጽሑፏን ከደብተሯ እየለቀመች እንደገና ጻፈችው፤ ሁለት ወር ፈጀባት። ማራገቢያውን ለመጥረግ የፈጀው አሥር ደቂቃ ነበር።

እናንተ ጋስ ስንት ንጹሕ ዊንዶውስ ተፈርዶበታል?