ሊሾና ከሊሾው በታች

«ሊሾ» ጣልያንኛ ነው። በባለቤቶቹ አንደበት ትርጉሙ «ለስላሳ» ወይም «ልሙጥ» ማለት ብቻ ነው፤ ስለ ወለልም ሆነ ስለ ሲሚንቶ የሚናገረው ነገር የለም። እኛ ግን ቅጽሉን ወስደን ስም አደረግነው። «ቤቱ ሊሾ ነው» ስንል ወለሉ በሲሚንቶ መለሰኑን ብቻ ሳይሆን የባለቤቱ ኑሮ ከአፈር ከፍ ማለቱንም እንናገር ነበር። ከብሎኬትና ከፌሮ ጋር ወደ ግንበኞቻችን አፍ ከገቡት ቃላት መካከል እንደዚህኛው የኑሮ ደረጃ መለኪያ ለመሆን የበቃ ሌላ ያለ አይመስለኝም።

ከሊሾ በፊት የነበረው አፈር ነው። አፈር ስል ግን እንዲሁ የተተወ አፈር ማለቴ አይደለም። እበት በውሃ ተለውሶ በእጅ ይለቀለቃል፤ ሲደርቅና ሲሰነጣጠቅ እንደገና ይለቀለቃል። ዓመት በዓል ሲመጣ ቄጤማ ይጎዘጎዝበታል። ጎርባጣነቱን እንደ ጉድለት የሚቆጥረው አልነበረም፤ ምክንያቱም የቤቱ ዕቃ የተሠራው ጎርባጣነቱን አውቆ ነው። የጅማን በርጩማ ልብ ብላችሁ እዩት። ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ፣ ባለ ሦስት እግር ነው። ሦስት ነጥቦች የትም ቢያርፉ ምንጊዜም በአንድ ጠፍጣፋ ገጽ ላይ ይውላሉ፤ ስለዚህ ባለ ሦስት እግር መቀመጫ ያዘነብል ይሆናል እንጂ አይንገዳገድም። ጉልቻም ሦስት ነው። ጀበናዋ ማቶት ላይ ትቀመጣለች። መደቡ ከዚያው ከአፈሩ የተነሣ ስለሆነ ከወለሉ ጋር ጠብ የለውም። ጠበኛው ባለ አራት እግሩ ጠረጴዛ ነው። አራተኛው እግር አየር ላይ ይቀርና ቆርኪ ወይም የታጠፈ ወረቀት ይፈለግለታል። በእኔ ግምት፣ የተስተካከለ ወለል ወደ ቤታችን እንዲገባ ከጽዳት ባላነሰ የወተወተው ይህ ባለ አራት እግር እንግዳ ነው።

በእርግጥ ከአፈር የተለየ ወለል ቀድሞም ነበረን። ላሊበላ ላይ ወለሉ አልተነጠፈም፤ ዐለቱ ከላይ ወደ ታች ሲፈለፈል መጨረሻ ላይ የተገኘ ነው። የጎንደር ነገሥታት ኖራ አቃጥለው ድንጋይ አያይዘዋል። ወደ ተራው ሰው ቤት ግን ሁለቱም አልዘለቁም። ሲሚንቶ በአገር ውስጥ መመረት የጀመረው ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን በወረረችበት ዘመን፣ ድሬዳዋ ላይ ነው። ሊሾውም ቃሉም ከዚያ ወዲህ በሰፈሩ ተዳረሱ።

የእናቴ ቤት ሊሾ የፈሰሰው በ1960ዎቹ ዓመተ ምሕረት ነው። ቤቱ የአዲስ አበባ የጭቃ ቤት ነው፤ ሊሾውም የአፈሩን ወጣ ገባ እየተከተለ ስስ ሆኖ ተለሰነ። አሁን በሴራሚክ ይሸፈን ሲባል ነገሩን ከመነሻው ለማወቅ ፈለግሁና ይህን ጉዳይ አስቀድሞ በደንብ ወደ ጻፈው ሰው ዘንድ ሄድሁ።

ቪትሩቪየስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በመጀመሪያው ምእት ዓመት የኖረ ሮማዊ አርክቴክት ነው። ስለ ሕንጻ ጥበብ ዐሥር መጻሕፍት ጽፏል፤ ሰባተኛው ስለ ቤት ማስጌጥ ነው። ጌጡን የሚጀምረው ግን ከሚያብለጨልጨው አይደለም። አስቀድሞ መሬቱ ወጥ ሆኖ ጠንካራ መሆኑ ይመርመር ይላል። ሙሌት አፈር ካለበት በደንብ ይደቅደቅ። ከዚያ ከጭብጥ የማያንስ ድንጋይ ይነጠፍ፤ በላዩ ሦስት እጅ ኮረት ከአንድ እጅ ኖራ ጋር ተቀላቅሎ፣ በቡድን የቆሙ ሰዎች በእንጨት መደቅደቂያ ይውቀጡት። በእርሱም ላይ ሦስት እጅ የተፈጨ ሸክላ ከአንድ እጅ ኖራ ጋር ይምጣ። በእኛ መለኪያ ሁለቱ ድርቦች ብቻ 33 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናሉ። የሚታየው ንጣፍ የሚመጣው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። አንባቢዬ፣ ቪትሩቪየስ ስለማይታየው የጻፈው ስለሚታየው ከጻፈው ይበልጣል።

ከምክሮቹ ሁሉ አንዲቱ ከልቤ አልወጣ አለች። በፎቅ ላይ ወለል ስትሠሩ፣ ይላል፣ ከታች የመጣ ግድግዳ ወለሉን እንዳይነካው ተጠንቀቁ። እንጨቱ ሲደርቅና ሲጎብጥ ወለሉ ይወርዳል፤ ግድግዳው ግን አይወርድም። ያን ጊዜ በግድግዳው መስመር ግራና ቀኝ ወለሉ ይሰነጠቃል።

ደግሞ ስለ ግሪኮች የክረምት ግብር ቤት የጻፈው ያስደንቃል። መሬቱን ሁለት ጫማ ያህል ቆፍረው፣ ደቅድቀው፣ ከሰል ይነሰንሱበታል፤ ከዚያ አሸዋ፣ ኖራና አመድ የተቀላቀለበትን ያለብሱታል። ወለሉ ጥቁር ነው። ከዋንጫ የተደፋ ወይን ወዲያው ይደርቃል፤ አገልጋዮቹም ባዶ እግራቸውን ቢሆኑ ቅዝቃዜ አይሰማቸውም። የእበት ወለላችንን የሚንቅ ሰው ይህን ቢያነብ ደስ ይለኛል። ሴራሚክ ላይ በሐምሌ ጠዋት ባዶ እግሩን የቆመ ያውቀዋል።

ልክ ለማግኘት ቪትሩቪየስ የሚያምነው ርዝመቱ 20 ጫማ በሆነ፣ ቱንቢዎች በተንጠለጠሉበት ጠረጴዛ መሰል መሣሪያ ነው። ነፋስ ቱንቢውን ካወዛወዘው በላዩ በተቦረቦረች ቦይ ውሃ ይፈስስና ውሃው ይፈርዳል። እዚህ ላይ «አርኪሜዲስ ውሃ ራሱ ዝርግ አይደለም፣ የምድርን ክብነት ይከተላል ይላል» የሚል ክርክር ያነሣል፤ የቦዩ ሁለት ጫፎች እስከተካከሉ ድረስ ግን ለሥራችን ይበቃል ብሎ ያልፈዋል። ዛሬ በእጅ የምትያዘዋን፣ አረፋ ያለባትን መሣሪያ ያገኘው ፈረንሳዊው ቴቬኖ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1661 ገደማ። እርሱ የሞላበት ውሃ ሳይሆን አልኮል ነበር፤ እኛ ግን «ውሃ ልክ» እንላታለን። ኋላም ደራስያን ወደ ሥነ ጽሑፍ አምጥተው የሥራና የምግባር መመዘኛ አደረጓት። ቱንቢም እንደዚሁ ነው። ግንበኛ ለብዕር ሰው ያበደረው ብዙ ነው።

እናቴ ቤት የመጣው ባለሙያ በእጁ ውሃ ልክ ቢኖረውም ሥራ የጀመረው ውሃ በሞላበት ግልጽ ጎማ ነበር። አንዱን ጫፍ እኔ፣ ሌላውን እርሱ ይዘን በግድግዳው ዙሪያ ልኩን ምልክት አደረግን፤ ከዚያ ሲባጎ ወጥሮ ወደ ታች ለካ። ከበሩ እስከ ውስጠኛው ማእዘን 5 ሜትር ነው፤ ወለሉ በዚያ ውስጥ 4 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። መሐል ላይ ደግሞ ክፍሉን አቋርጦ የሚያልፍ፣ በግራና በቀኙ የተሰነጠቀ ጉብታ አለ።

ያ ጉብታ ግድግዳ ነበር። አባቴ በ1986 ዓ.ም. ከማረፉ በፊት የታመመው ከግድግዳው ወዲያ ባለው ትንሽ ክፍል ነው። እናቴ ከአርባው በኋላ የተዘጋውን በር ማየት አቃታትና አስፈረሰችው፤ ሁለቱ ክፍሎች አንድ ሆኑ። የድንጋይ መሠረቱ ግን ከሥር ቀረ።

ባለሙያው ጉብታውን በመዶሻው ጫፍ ኳ ኳ አድርጎ አዳመጠ። «እዚህ ሥር ድንጋይ ነው፤ ግራና ቀኙ አፈር ነው። አፈሩ ይወርዳል፣ ድንጋዩ አይወርድም። አንድ ላይ ብንሸፍነው ሴራሚኩ በዚሁ መስመር ይሰነጠቃል» አለኝ። ቪትሩቪየስን ይዤለት ብመጣ ኖሮ ሁለቱ ቃል ሳይጨምሩ ይግባቡ ነበር።

«እማማ፣ ድንጋዩን ቆፍረን እናውጣው?» ብሎ እናቴን ጠየቃት።

«ተወው ልጄ» አለችው። ዓይኗ ከደከመ ዓመታት አልፈዋል። ሌሊት ስትነሣ መብራት አታበራም። ወለሉ መውረድ ሲጀምር ከበሩ መራቋን ታውቃለች፤ ጉብታው እግሯን ሲነካት አልጋዋ ሦስት እርምጃ ይቀረዋል። ቤቷን የምታየው በእግሯ ነው። እኔ ውሃ ልክ ስፈልግ የነበረው እንዳትወድቅ ብዬ ነው፤ እርሷ ደግሞ እንዳትወድቅ የምትፈልገው ያንኑ ጎርባጣ ነው።

ባለሙያው ጥቂት አሰበና መላ አመጣ። ሊሾው ልሙጥ ስለሆነ አዲሱ ድርብ እንዲይዝለት በመሮ አቆሳሰለው። የጉብታውን አናት ጠረበው፤ ውሃ አርከፈከፈና ቀጭን የሲሚንቶ ውሃ ቀባው። በዝቅተኛው በኩል አሸዋና ሲሚንቶ ሞልቶ በረጅም ቀጥ ያለ እንጨት እየጎተተ አስተካከለ። ግድግዳው በነበረበት መስመር ግን አላያያዘውም፤ ግራና ቀኙ ለየብቻ እንዲንቀሳቀሱ እስከ ታች ክፍተት ተወና እንደ ጎማ በሚለጠጥ መሙያ ሞላው። ከዚያ በመስመሩ ዳር ዳር አንድ ረድፍ፣ ለመታጠቢያ ቤት የሚሆነውን ሸካራ ሴራሚክ አነጠፈ። እያንዳንዱን ካነጠፈ በኋላ በመዶሻው እጀታ ይመታዋል፤ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ከሥሩ አየር አለና ያነሣዋል። በአንድ ቀን ሰባት ሲያነሣ ቆጥሬአለሁ።

በሦስተኛው ቀን እናቴ ጫማዋን አውልቃ ገባች። ለስላሳው ላይ ቀስ ብላ ሄደች፤ ሸካራው ዘንድ ስትደርስ ቆመች፣ በእግሯ ጣቶች ዳበሰችው። «እዚህ ጋ ነው» አለችና ወደ አልጋዋ አለፈች።

ማታ ዕቃውን መለስን። በርጩማው የነበረበት ቦታ ተቀመጠ፤ ለእርሱ የተለወጠ ነገር የለም። ጠረጴዛው ግን በጉብታው ላይ እግሩን ዘርግቶ ስለኖረ ከአንዱ እግሩ ሥር ተጣጥፎ የደረቀ ወረቀት ነበረው። አሁን አያስፈልገውምና አንሥቼ ገለጥሁት። የ1987 ዓ.ም. የውሃ ክፍያ ደረሰኝ ነው፤ በአባቴ ስም።