ማሽኑ ያልሰማው ሁሉ አልነበረም ማለት ነው?

ባለፈው ሳምንት አንድ ተማሪዬ "ቲቸር፣ ማስረጃ ያልተገኘለት ነገር አልነበረም ማለት ነው?" ብሎ ጠየቀኝ። ደወል ተደወለና በወጉ ሳልመልስለት ወጣሁ። ጥያቄው ግን እስከ ቤት ተከተለኝ። እስቲ በባንጆ ታሪክ ልመልሰው።

ኤዲሰን ፎኖግራፍን የሠራው እ.ኤ.አ. በ1877 ነው። ከዚያ እስከ 1925 አካባቢ ለገበያ የሚወጣው ሙዚቃ የሚቀረጸው ያለ ማይክራፎን ነበር። ተጫዋቹ ትልቅ ጥሩምባ የሚመስል ቆርቆሮ አፍ ላይ ተጠግቶ ይጫወታል። የድምፁ ጉልበት ብቻውን ስስ ሽፋን ያንቀጠቅጣል፣ መርፌውም ሰሙን ይጭራል። በቃ! ድምፅህ ጉልበት ከሌለው አልተቀረጽክም።

ስለዚህ በጣት ከሚመቱት የክር መሣሪያዎች መካከል ባንጆ ነገሠ። እንደኛ ክራር ቆዳ የተወጠረበት ነው፤ ሲመታ ድምፁ ጥርት ብሎ ይወጣል። ለስላሳው ጊታር ግን ይዋጥ ነበር። ቬስ ኦስማን ከ1893፣ ፍሬድ ቫን ኤፕስ ከ1897 ጀምሮ ባንጆ እያስቀረጹ ስም አተረፉ። መጀመሪያ ላይ የሰም ሲሊንደር እንደ ልብ ስለማይባዛ አንዱኑ ዜማ ደጋግመው መጫወት ነበረባቸው።

አሁን ልብ በሉ። ባንጆ ሥሩ አፍሪካ ነው፤ በባርነት የተጋዙ አፍሪካውያን በካሪቢያንና በአሜሪካ የሠሩት መሣሪያ ነው። እነዚህ ሁለት ዝነኞች ግን ነጮች ነበሩ። ጥቁሩ የባንጆ ተጫዋች ጋስ ካነን ዛሬ የምንሰማቸውን ሸክላዎች ማስቀረጽ የጀመረው በ1927 ነው፤ ዕድሜው ያኔ 40 አልፎ ነበር። የድሮዎቹን ሲሊንደሮች ብቻ የሰማ ሰው "ባንጆ የነጮች ነው፣ ጊታርም የሚጫወት አልነበረም" ቢል አይፈረድበትም። ጊታሩን ማሽኑ አልሰማውም፤ ጥቁሩን ደግሞ የማሽኑ ባለቤቶች እምብዛም አልጠሩትም።

እኔም ከእነሱ አልሻልም። አባቴ ማታ ማታ ክራር ይደረድር ነበር። ስልክ ኪሴ ውስጥ እያለ አንድ ቀን እንኳ ሳልቀርጸው አረፈ። የልጅ ልጆቹ "አያታችን ክራር ይጫወት ነበር ወይ?" ቢሉኝ የማሰማቸው የለኝም። ግን ይጫወት ነበር!

ሰኞ ለተማሪዬ የምለው ይህንኑ ነው፦ "አልነበረም" ከማለትህ በፊት መቅረጫው በማን እጅ እንደነበረ፣ ምንስ መስማት ይችል እንደነበረ ጠይቅ።

እናንተም ቤት ክራር ወይ በገና የሚደረድር አባት ካለ፣ ዛሬውኑ ቅረጹት።